በኬክ የሸኘነው መብት

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት ሴትዮ ስጠላ ኖሬአለሁ። ሊዝቤት ትባላለች። የማዘጋጃ ቤቱ ገምጋሚ ናት፤ ሽማግሌና አሮጊት ያለበት ቤት እየዞረች፣ ለማን ምን ያህል እርዳታ እንደሚገባው አይታ የምትወስነው እሷ ናት። ለእናቴ ለማረን በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሰኞና ዓርብ፣ ገላዋን የሚያጥባት ሰው ይመጣላት ነበር። ሊዝቤት አንድ ቀን መጣች። ኬካችንን በላች፣ ቡናችንን ጠጣች፣ "እንዴት ያለ የሚያምር ቤት ነው!" ብላ አደነቀች። በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤ ደረሰን፤ ዓርብ ተሰርዟል።

"እኔ ላጥብሽ" ስላት እናቴ አሻፈረኝ አለች። የባዕድ ሰው ቢያጥባት ግድ አልነበራትም፤ የወለደቻት ልጅ ራቁቷን እንድታያት ግን አልፈለገችም። ከዚያ በኋላ የኖረችው አንድ ክረምት ብቻ ነው። የሞተችው በልቧ ሕመም ነው፤ ገላዋን ስላልታጠበች ነው ብዬ አልዋሽም። ነገር ግን በዚያ ክረምት የወንድሜ ልጅ ጉልበቷ ላይ ልትቀመጥ ስትመጣ፣ "ሂጂ ወደዚያ፣ አያትሽ ትሸታለች" ስትላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይህ ነገር ከውስጤ አልወጣም። ሊዝቤትን ከደሴታችን ማዶ ባለው ከተማ ገበያ ውስጥ ያየኋት እንደሆነ ጋሪዬን አዙሬ በሌላ መደዳ እሄዳለሁ። በዚህ የተነሳ ወተት ሳልገዛ ቤቴ የገባሁበት ቀን አለ።

እኔ ቦዲል እባላለሁ። ዘጠነኛ ክፍልን እንደ ምንም ጨርሼ ዓሣ ፋብሪካ ገባሁ፤ በኋላም የጥቂት ወራት ኮርስ ወስጄ የቤት ለቤት ተንከባካቢ ሆንኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። እኛ ደሴት ላይ ከሚኖሩት ሽማግሌዎች ያላጠብኩት ጥቂት ነው።

ባለፈው ግንቦት መጀመሪያ፣ ማዶ ተሻግሬ ጥርሴን ተነቅዬ ስመለስ፣ ጀልባው ላይ ሁልጊዜ የምቀመጥባት ቦታ ላይ አንዲት ወጣት ተቀምጣ አገኘሁ። ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ጎኗ ላይ ተለጥፌ ተቀመጥኩ፤ ትነሣለች ብዬ ነበር። አልተነሣችም።

"ይቅርታ" አለችኝ፤ "ደሴቲቱ ላይ ቦዲል የምትባል ተንከባካቢ ያውቃሉ?"

"ምን ፈለግሽባት?" አልኩ፤ ግማሹ አፌ ደንዝዟል።

"የማኅበራዊ ሥራ ተማሪ ነኝ። ስሜ ቶራ ነው። ለልምምድ ሁለት ሳምንት ከእሷ ጋር እንድዞር ተመድቤአለሁ። ትንሽ አስቸጋሪ ናት ብለው አስጠንቅቀውኛል።"

"ትንሽ ነው ያሉሽ? እልኸኛ ናት። የተማረ ሰው አትወድም። ነገር ቶሎ አይገባትም።"

"በደንብ ያውቋታል ማለት ነው።"

"ከልጅነቷ ጀምሮ።"

"እኔም አሁን አወቅኳት" አለችና ደረቴን በዓይኗ ጠቆመች፤ "ስምዎ ኮትዎ ላይ ተጽፏል እኮ፣ እትዬ ቦዲል።"

የሥራ ኮቴን እንደ ለበስኩ መውጣቴን ረስቼው ነበር። መሳቅ አልፈለግኩም፤ በደነዘዘ አፍ ደግሞ ሳቅ ምራቅ ብቻ ነው።

"ታዲያ ከእኔ ምን ትማሪያለሽ? እኔ ሽንት ቤት ነው የማጸዳው።"

"ፖሊሲ ነው የምማረው።"

"እኔ መኪና ውስጥ ፖሊሲ የለም፤ ጓንትና ባልዲ ነው ያለው።"

"ትምህርት ቤት ያልሰማሁት እሱን ነው" አለች በትሕትና፤ "ምክር ቤት የጻፈው አንድ መስመር፣ አንድ ሽማግሌ ቤት ሲደርስ ምን እንደሚሆን አይተሽ ነይ ተብዬ ነው የመጣሁት።"

በማግስቱ መጀመሪያ የገባነው ጋሽ ክረስተን ቤት ነው። ሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ነው። ሚስታቸው ሞታለች፤ ልጅ የላቸውም። አርባ ዓመት በዚያችው ጀልባ ላይ የሞተር መካኒክ ነበሩ። እግራቸው ላይ የማይድን ቁስል አለ፤ ፈሳሹ በፋሻው ዘልቆ ይወጣል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት፣ አጥባቸዋለሁ።

"ይቺ ደግሞ ማን ናት?" አሉኝ ቶራን አይተው።

"ተማሪ ናት፤ ልታይ ነው የመጣችው።"

"እኔን ልታይ? ሠላሳ ዓመት ዘገየሽ፣ ልጄ።"

ቶራ ሳቀች። "ካፈሩ ውጭ እጠብቃለሁ፣ ጋሽ ክረስተን።"

"ግቢ ግቢ። ቦዲል ብቻዋን ስትሆን ትቆጣኛለች።"

ማጠብ ማለት ውሃ ማፍሰስ አይደለም። ከወንበር ማስነሣት አለ፤ ባለ ጎማ ምርኩዛቸውን ይዘው በጠባቡ ኮሪደር ቀስ ብለው እስኪሄዱ መጠበቅ አለ። ፋሻውን መፍታት፣ ማጠብ፣ በጣቶቻቸው መካከል ሳይቀር ማድረቅ፣ ማልበስ፣ መልሶ ማስቀመጥ አለ። ሥራችንን የምንመዘግብበት ስልኬ ለዚህ ሁሉ የሚሰጠኝ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ከዚያ ካለፈ፣ "ምክንያቱን ጻፊ" የሚል ሳጥን ይወጣል። እኔ ደግሞ መጻፍ አልወድም፤ ፊደል እየገደፍኩ አለቃዬ እንድትስቅብኝ አልፈልግም። ስለዚህ ስጨርስ "በሃያ አምስት ደቂቃ ተፈጽሟል" የሚለውን ነክቼ እዘጋለሁ።

መኪና ውስጥ እንደገባን ቶራ፣ "አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ እንዳይቆጡኝ" አለች።

"መቆጣቴን ከወዲሁ ያዢው።"

"አርባ አንድ ደቂቃ ነው የፈጀብዎት። የጻፉት ግን ሃያ አምስት ነው።"

"ሰዓት ይዘሽብኛል?"

"ልማር ብዬ ነው።"

"እንግዲያው ይህን ተማሪ፤ ሽማግሌ በጥድፊያ አይታጠብም። የቀረውን ከምሳ ሰዓቴ ነው የማወጣው። የማንንም አልሰረቅኩም።"

"ሰጡ እንጂ አልሰረቁም። ግን ለማን ነው የሰጡት?"

"ለጋሽ ክረስተን ነዋ! ለማን መሰለሽ?"

ከቦርሳዋ ወፍራም ወረቀት አወጣች። "ምክር ቤቱ በሰኔ መጨረሻ ሊያጸድቀው ያሰበው አዲስ መመሪያ ነው። ላንብብልዎት? 'ገላ ለማጠብ ሃያ አምስት ደቂቃ በቂ መሆኑ ከሠራተኞች መዝገብ ተረጋግጧል። ከተረጂዎች ቅሬታ አልቀረበም። በመሆኑም ከነሐሴ ጀምሮ ለሁሉም በሳምንት አንድ ጊዜ ይሆናል። እስከዚያም ሁለት ቀን የተፈቀደላቸው ሁሉ እንደገና ይገመገማሉ።'"

"ይህን የጻፈው የማን ልጅ ነው?" አልኩ መሪውን መትቼ። "በሕይወቱ ሰው አጥቦ ያውቃል?"

"እሱማ አያውቅም። ያወቀውን ያወቀው ከእርስዎ ነው። ቁጥሩን የሰጡት እርስዎና ጓደኞችዎ ናችሁ፤ እሱ ደምሮ ነው ያቀረበው።"

እንግዲህ አንባቢዬ ሆይ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ደግ ሥራ እየሠራሁ ነው ብሎ ላመነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቢልኝ፤ አስብልኝ። በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

"ታዲያ ምን ላድርግ?" አልኳት። "ሃያ አምስት ደቂቃ ሲሞላ ሳሙናው ጀርባቸው ላይ እንዳለ ትቼ ልውጣ?"

"በፍጹም። እንደ ዛሬው ይጠቧቸው። ግን አርባ አንድ ብለው ይጻፉ። ደግነትዎን በደበቁት ቁጥር የመመሪያው ጉድለት አብሮ ይደበቃል።"

"እኛ እዚህ የሚያማርር ሰው አንወድም፣ ልጄ።"

"እኔም አልወድም። የሚያማርር ሰው ጎረቤቱን ያደክማል እንጂ የሚለወጥ ነገር የለም። መሟገት ግን ሌላ ነው። ነገሩ የሚወሰንበት ቤት ይሄዳሉ፤ የሚወስኑትን ሰዎች ፊት ለፊት አግኝተው ያዩትን ይነግሯቸዋል፤ ምን ቢደረግ እንደሚሻልም ይነግሯቸዋል። ትምህርት ቤት ለዚህ አንድ ሙሉ ኮርስ ነው የሚሰጠን።"

"ለመናገር ኮርስ!"

"ዝም ለማለትማ ማንም ኮርስ አልወሰደም፤ ሁላችንም ተክነንበታል።"

ነገር ሲከብደኝ ወሬ እለውጣለሁ። ጋሽ ክረስተን ዘንድም ደብዳቤ መድረሱን፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ገምጋሚ እንደምትመጣባቸው ነገርኳት። "ግን አታስቢ" አልኩ፤ "ረቡዕ ከሥራ በኋላ ሄጄ ወለሉን እወለውላለሁ፤ ሸሚዝ እተኩሳለሁ፤ ኬክ ጋግሬ ጠረጴዛውን አሰናዳለሁ።"

"ለምን?"

"ለምን ማለት ምን ማለት ነው? እንግዳ ይመጣላ!"

"የምትመጣው እኮ ምን እንደጎደላቸው ልታይ ነው። ምንም እንዳይጎድል አድርገው ከጠበቋት ምን ታያለች? የእርስዎን ጉልበት አይታ ትሄዳለች፤ የእሳቸው ነው ብላም ትጽፋለች።"

"አንቺ ሊዝቤትን አታውቂያትም" አልኩና የእናቴን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት። ሳላለቅስ ነው የነገርኳት። ቶራ ሳታቋርጠኝ አዳመጠች። ስጨርስ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "በዚያን ቀን ኬኩን ማን ነበር የጋገረው?" አለችኝ።

መኪናውን አቆምኩ።

"ውረጂ።"

"እትዬ ቦዲል..."

"ውረጂ ብያለሁ!"

ወረደች። ዝናብ ነበር። ትንሽ ነዳሁና መንገዱ ዳር ቆምኩ። የመስታወቱ መጥረጊያ ወዲያና ወዲህ ይላል። ኬኩን የጋገርኩት እኔ ነኝ። መጋረጃውን ያጠብኩት፣ የእናቴን ፀጉር የጠቀለልኩት፣ ሰማያዊውን ቀሚስ ያለበስኳት እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ አድርጌ ስጨርስ ደግሞ በጓሮ በር ወጣሁ፤ ገምጋሚዋ አይታኝ፣ "ልጅሽ ናት የምታሰናዳልሽ" እንዳትላት ብዬ።

ወደ ኋላ ነዳሁ። ቶራ በስብሳለች።

"ግቢ።"

"ተቀይመውኛል?"

"አዎ። ግቢ።"

የሚቀጥለው ቤት በር ላይ መኪናውን አቆምኩ። ወሬውን የጀመርኩት እኔ ነኝ። "የእናቴ መዝገብ ይኖራል?" አልኳት።

"መኖር አለበት። ልጇ ስለሆኑ መጠየቅ ይችላሉ፤ በሕግ የተፈቀደ ነው። ሁለት መስመር መጻፍ ብቻ ነው የሚበቃው።"

ጻፍኩ። በስድስተኛው ቀን መጣልኝ። ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆሜ ነው ያነበብኩት። እንዲህ ይላል፦ "ቤቱ እጅግ ንጹሕ ነው። ወይዘሮ ማረን ለብሰውና ፀጉራቸውን ተሠርተው ጠበቁኝ። ኬኩን ራሳቸው እንደጋገሩት ነገሩኝ። የሚረዳቸው ሰው እንደሌለ፣ እንደማያስፈልጋቸውም ገለጹ። በሳምንት አንድ ቀን መታጠብ እንደሚበቃቸው ተናገሩ። እርግጠኛ ነዎት ወይ ብዬ ሁለት ጊዜ ጠየቅኳቸው። ሌላ የባሰበት ይውሰደው አሉኝ።"

እናቴ እንዲህ ነበረች። እኔም እንዲሁ ነኝ። በዚህ ደሴት ላይ ያለን ሁላችንም እንዲህ ነን፤ ቤታችን እየተቃጠለ እንኳ "እንዴት ነው?" ብትሉን፣ "ይሞቃል፣ ምንም አይልም" የምንል ሰዎች ነን። ሊዝቤት ያየችውንና የሰማችውን ጻፈች። ያየችውን ያሰናዳሁት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሰው ጠልቼ ነበር፤ ያን ጊዜ የጥላቻዬ ግማሽ ወደ ራሴ ዞረ። ቶራ መጥታ ወረቀቱን አነበበች፣ እኔንም አየችኝ። "እርስዎን ለመውቀስ አይደለም" አለችኝ፤ "ሊዝቤትንም ለመውቀስ አይደለም። መመሪያው ሽማግሌዎችን 'ምን ያስፈልግዎታል?' ብለሽ ጠይቂ ይላታል። ኩሩ ሰው ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው። የተሳሳተው ጥያቄው ነው።"

"ታዲያ ምን ተብሎ ይጠየቅ?"

"እርስዎ ይንገሩኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ያጠቡት እርስዎ ነዎት።"

አሰብኩ። የተማረ ሰው እንዲህ ብሎ ሐሳብ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያዬ ነበር። "ምን ማድረግ እንደተዉ ይጠየቁ" አልኳት። "ሰው ምን እንደጎደለው አይናገርም። ምን እንደተወ ግን ያወራል።"

ቶራ ይህን ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ረቡዕ ከሥራ በኋላ ጋሽ ክረስተን ቤት ሄድን፤ ባልዲም ዱቄትም አልያዝንም።

"ኬኩስ?" አሉኝ።

"ኬክ የለም። ወለሉም አይወለወልም። ነገ እንደ ሌላው ቀን ነው የሚጠብቋት።"

"አብደሻል? በዚህ ሽታ ውስጥ ሴት ላስገባ?"

"አዎ፤ በዚህ ሽታ ውስጥ።"

"ቦዲል፣ እኔ አርባ ዓመት ሞተር ቤት ሠርቼ እንኳ ጥፍሬን ሳላጸዳ ሰው ፊት ወጥቼ አላውቅም!"

ቶራ ተጠጋቻቸው። "ጋሽ ክረስተን፣ ያ ሞተር ሲበላሽ ተቆጣጣሪው ሊያየው ይመጣ ነበር?"

"በየዓመቱ ይመጣ ነበር።"

"የሚያፈሰውን ዘይት ጠርገው፣ ቀለም ቀብተው ያሳዩት ነበር?"

"ምን ነካሽ! ሰው ይሰጥማል እኮ!" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "ልጅቱ ተንኮለኛ ናት" አሉኝ።

"ነግሬዎታለሁ እኮ፤ ተማሪ ናት" አልኩ።

በመጨረሻ ተስማማን። ጢማቸውን ይላጫሉ፤ ይህን መከልከል አልቻልንም። ሌላው ግን እንዳለ ይቆያል።

ሐሙስ ሊዝቤት መጣች። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል። እኔን ስታይ ደንገጥ አለች፤ በገበያው ውስጥ ስሸሻት መኖሬን ታውቃለች ማለት ነው። ተቀመጠች፤ ወረቀቷን ዘረጋችና፣ "እንዴት ነው ነገሩ፣ ጋሽ ክረስተን?" አለች።

"ደህና ነው። ምንም አይልም" አሉ።

ቶራን አየኋት፤ ጣሪያውን ታያለች።

"ጋሽ ክረስተን" አልኩ እኔ፤ "ሐሙስ ማታ ማታ የመንደሩ አዳራሽ የሚዘመረው መዝሙር ላይ ይሄዱ ነበር አይደል? ለምን ተዉት?"

"ድምፄ ተበላሸ።"

"ድምፅዎ መቼም አምሮ አያውቅም። ለምን ተዉት?"

ምርኩዛቸውን ያዙ፣ ለቀቁት። "ሐሙስ ጠዋት ስታጥቢኝ ማታውን እሄድ ነበር። ጉንፋን ይዞሽ የቀረሽበት ሳምንት ትዝ ይልሻል? ሳልታጠብ ሄድኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ወንበሩን ፈቀቅ አደረገ። ትንሽ ነው ፈቀቅ ያደረገው። ክፉ ሰው አይደለም፤ አርባ ዓመት አውቀዋለሁ። ከዚያ ወዲያ በቃኝ። እየታጠብኩም ቢሆን ፈራሁ። አሁን ደግሞ ሐሙስን ልትወስዱት ነው አሉኝ፤ እንግዲያውስ ከዚህ ወንበር ላይ መነሣት ለምን ያስፈልገኛል?"

ሊዝቤት ብዕሯን አስቀመጠች። "ከወንበሩ ሲነሡ ላይ?" አለች። ተነሡ። ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ወደቁ፤ በሦስተኛው ቆሙ። እኔ እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ ቁጭ አልኩ፤ ሳልደግፋቸው መቆየት በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ ከብዶኝ አያውቅም።

ሊዝቤት ሁለቱንም ቀን ፈቀደች። እዚያው ጻፈችው። ስትወጣ እስከ በር ሸኘኋት፤ ከእናቴ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገርኳት ያኔ ነው።

"መዝገቡን አነበብኩት" አልኳት።

"ሁለት ጊዜ ጠይቄአቸዋለሁ" አለችኝ ወዲያውኑ፤ ትላንት የሆነ ይመስል። "የማልወደው ቤት ነበር። ሁሉም ነገር ከልክ በላይ አምሮ ነበር። ግን በግምቴ መጻፍ አልችልም።"

"ጥፋቱ የእኔም ነው።"

እጄን ጨበጠችኝና፣ "ዛሬ የፈቀድኩት እስከ ነሐሴ ብቻ ነው የሚቆየው" አለች። "አዲሱ መመሪያ ካለፈ፣ የፈለጉትን ቢያሳዩኝ ከአንድ ቀን በላይ መስጠት አልችልም። እኔ የተጻፈውን ነው የምሠራው። የሚጻፈው ሌላ ቤት ነው።"

በሩን ዘግቼ ስመለስ ቶራ ቆማለች። "አሁን ለአንድ ሰው ተሟግተን ረታን" አለች፤ "ግን ይህንኑ ለሁሉም ካላስጻፍነው በነሐሴ ይወሰድባቸዋል። ምክር ቤቱ ከመወሰኑ በፊት ማንም ነዋሪ አስተያየት መጻፍ ይችላል። ከስብሰባው በፊትም ለሕዝብ ጥያቄ ግማሽ ሰዓት አለ። ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ ይሰጣል።"

"እኔ? ማይክራፎን ፊት? ቁጥሩን እኮ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ቢያባርሩኝስ?"

"ሊሆን ይችላል፤ አልዋሽዎትም። ስለዚህ ብቻዎን አይሂዱ።"

የሥራ ጓደኞቼን ሰባቱንም ሰበሰብኩ። ጥቁር ዳቦና ዓሣ ይዘን ነበር፤ ማንም አልበላም። ሁሉም እንደ እኔ ሃያ አምስት እያሉ ሲዘጉ ኖረዋል፤ እያንዳንዳችን ብቻችንን የምናደርገው ይመስለን ነበር። ስድስቱ ከዚያን ቀን ጀምሮ እውነተኛውን ደቂቃ ለመጻፍ ተስማሙ። ሰባተኛዋ እስከ ዛሬ አታናግረኝም። ወር ሙሉ ጻፍን። ያ ሳጥን በወጣ ቁጥር ምክንያቱን በገዛ ፊደሌ፣ ገደፍኩም አልገደፍኩም፣ እጽፍ ነበር። የቶራ ልምምድ ካለቀ በኋላም ለምክር ቤቱ የምናቀርበውን ወረቀት በስልክ አብራን አሰናዳች። ሆሄዬን አርሚልኝ ብላት፣ "ሆሄውን አርሜዋለሁ፤ አነጋገርዎን ግን አልነካሁም" አለችኝ።

ምክር ቤቱ ምን እንደወሰነ ለመስማት የቸኮለ ካለ አሁኑኑ ልንገረው። በሳምንት አንድ ቀን የሚለው መስመር ተሰረዘ። ገምጋሚዎች "ምን ያስፈልግዎታል?" ብለው ብቻ እንዳይመለሱ፣ ሽማግሌው ምን ማድረግ እንደተወ እንዲጠይቁ፣ አዘውትሮ የሚያጥበው ሠራተኛም እዚያው እንዲገኝ ተጻፈ። ከባድ ቁስል ላለበት ሰው ተጨማሪ ደቂቃ ተፈቀደ። በዚህ የተነሳ እኛ ሠራተኞች ምሳችንን ተቀምጠን እንበላለን፤ በችኮላ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የሚወድቅ ሽማግሌ ቀነሰ፤ ጋሽ ክረስተንም ሐሙስ ሐሙስ በዚያ በተበላሸ ድምፃቸው አዳራሹን ይረብሻሉ። ሁሉም አልተሳካም፤ የሽማግሌዎቹ ቤት ወለል የሚጸዳበት ቀን በዚያው መመሪያ እንደተቀነሰ ቀረ፤ እሱን ደግሞ ለሚመጣው ዓመት ይዘነዋል። ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ አሮጊት እናት ያላችሁ እንደሆነ፣ ገምጋሚ ሊመጣ ሲል መጥረጊያችሁን አስቀምጡ። እናንተም እዚያው ተገኙ፤ እንደ እኔ በጓሮ በር አትውጡ።

መናገር የምፈልገው ግን ስለ ሁለቱ ደቂቃ ነው።

የሰኔ መጨረሻ ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ገባን። ጓደኞቼ ኋላ ተቀመጡ፤ ቶራም ከትምህርት ቤቷ በባቡር መጥታለች። ሰብሳቢው ስሜን ጠራ። የጻፍኩትን ወረቀት ማንበብ ጀመርኩ፤ ዓይኔ ፊደሉን አልይዝ አለኝ። አጠፍኩት።

"ቦዲል እባላለሁ" አልኩ። "ሃያ ሁለት ዓመት ሽማግሌ አጥቤአለሁ። መመሪያችሁ ላይ ገላ ማጠብ ሃያ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል፣ ከሠራተኞች መዝገብ ተረጋግጧል ይላል። ያንን መዝገብ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ውሸት ነው።"

ከምክር ቤት አባላቱ ስልኩን ሲነካካ የነበረው ሁሉ ቀና አለ።

ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ። "ይቅርታ፣ ውሸት ነው ሲሉ?"

"ውሸት ነው ስልማ፣ አርባ አንድ ደቂቃ አጥቤ ሃያ አምስት እያልኩ ጽፌአለሁ ማለቴ ነው። በየቀኑ። ሽማግሌዎቹም ሲጠየቁ ደህና ነን እያሉ ዋሽተዋችኋል፤ ስላፈሩ ነው። እናንተ ደግሞ ሁለቱን ውሸት ደምራችሁ ሕግ ልታደርጉት ነው። የወሩ እውነተኛ ደቂቃ ይኸውና፤ ስድስት ጓደኞቼ ከኋላ ተቀምጠዋል፣ የእነሱም አለበት። በሐሰት ጽፈሻል ብላችሁ ከሥራ ልታባርሩኝ ትችላላችሁ። ግን አስቀድማችሁ ቁጥሩን አርሙት።"

"ሁለት ደቂቃዎ አልቋል" አለ ሰብሳቢው፤ ድምፁ ግን አልከረረም።

"አውቃለሁ" አልኩ። የደቂቃዎቹን ወረቀት ፊቱ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት፤ የመጀመሪያውን ገጽ ገልጦ ማንበብ እስኪጀምር ድረስም ከዚያ ቦታ አልተንቀሳቀስኩም።